የማይካፈለው ሀብት

ወጣቶች አንባቢዎች ሆይ፤ ሰው ቤት በሚሠራበት ጊዜ ስለ ግድግዳውና ስለ ጣራው ያስባል እንጂ ቤቱ የፈረሰ እንደ ሆነ በውስጡ ያሉት ወዴት እንደሚጠለሉ አያስብም። ጋብቻም እንዲሁ ነው። ሠርግ ሲደገስ ጠላው ይጠመቃል፤ ዳሱ ይጣላል፤ ሚዜው ይመረጣል፤ ዘመድ ከቅርብም ከሩቅም ይጠራል። በዚያ ቀን ስለ መለያየት የሚናገር ሰው ቢገኝ ሟርተኛ ተብሎ ከዳሱ ይባረራል። ይሁን እንጂ ከተጋቡት መካከል ብዙዎቹ እንደሚለያዩ በየመንደሩ የታወቀ ነገር ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ባልና ሚስት በሚለያዩበት ጊዜ ምን ያደርጉ እንደ ነበር፥ የትኛውን በጥበብ እንደ ሠሩት፥ የትኛውን እንደ ሳቱት፥ ሕጉም ከዚያ ወዲህ እንዴት እየተለወጠ እንደ መጣ ማወቅ ገና ጎጆ ላልወጣ ሰው የሚጠቅም ትምህርት ነው።

ይህንንም ነገር በጉና ዙሪያ ባለው አገር፥ ማለት በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ ምሳሌ እናየዋለን። ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። በግርጌው የሚኖረው ሰው ገብስና ድንች የሚያመርት፥ በግ የሚያረባ ገበሬ ነው። በዚህ አገር ባልና ሚስት ሲለያዩ የሚካፈሉት ሀብት ብዙ አይደለም። ነገር ግን ጥቂቱን ነገር ያለ በደል መካፈል ብዙውን ከመካፈል ይልቅ ብልኀት ይጠይቃል።

እስቲ አንድ ቤት በልባችን እናስብ። ባልና ሚስቱ አልስማማ ብለው ሽማግሎች ተቀምጠዋል። በቤቱ ውስጥ ጥንድ በሬ፥ አንዲት ላም፥ ስድስት በጎችና በጎታ ያለ ገብስ አለ። ሽማግሎቹ በሬዎቹን አንድ አንድ ያካፍላሉ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ባልየውም ሚስቲቱም ከእንግዲህ በመቀናጆ ከሌላ ሰው በሬ ጋራ ማጣመር አለባቸው። ላሚቱ ትገመታለች፤ የወሰዳት ወገን ለሌላው ዋጋዋን በበግ ያካክሳል። ገብሱ በቁና እየተሰፈረ አንዱ ለአንተ፥ አንዱ ለአንቺ ይባላል። ማታ ሳይሆን ሁሉ ነገር በሰላም አለቀ። ሽማግሎቹም ምርኩዛቸውን ይዘው ሊነሡ ሲሉ በደጃፉ የቆሙ ሁለት ልጆች ይታያሉ። ወንዱ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሴቲቱ አራት። ለበሬውና ለገብሱ መስፈሪያ ተገኘ፤ ለእነዚህስ ቁናው ምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ ይህ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጋብቻው ራሱ ጥቂት እንናገር። በአገራችን ከጥንት የቆዩት የጋብቻ ዓይነቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው የቁርባን ጋብቻ ነው። ይህ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚፈጸምና በቀላሉ የማይፈታ ነው። ካህናት በዚህ ይጸናሉ፤ ሌላው ሕዝብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ብዙ ዘመን ከኖረና ዕድሜው ከገፋ በኋላ ይቆርባል። ፍትሐ ነገሥት፥ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው መጽሐፍ፥ በ24ኛው አንቀጹ የሚናገረው ስለዚህ ስለ ጋብቻ ሥርዓት ነው። ሁለተኛው ሰማንያ ነው። ሰማንያ በሽማግሌና በዋስ ፊት የሚደረግ ውል ነው። ሦስተኛው በደሞዝ የሚደረገው ሲሆን፥ ሴቲቱ ደሞዝ ተቆርጦላት ከሰውዬው ጋራ የምትኖርበት ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ በአገሩ ሁሉ ተስፋፍቶ የኖረው ሰማንያ ነው።

ሰማንያ ውል እንደ መሆኑ መጠን መፍረሻውም በውል ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ መጥቶ ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ ተጋቢዎች በውላቸው መቀጫ ያስገቡ እንደ ነበርና ጋብቻውን ያፈረሰው ወገን ያንን ይከፍል እንደ ነበር ጽፏል። ይህ ነገር የሚያስተምረን አለ። አባቶቻችን ጋብቻ ሊፈርስ እንደሚችል አውቀው፥ ገና በሠርጉ ቀን ስለ መፍረሱ ያስቡ ነበር። እኛ ሟርት የምንለውን እነርሱ ጥንቃቄ ይሉት ነበር።

በንብረት በኩል ደግሞ ልማዱ ሊመሰገን የሚገባው ነበር። ርስት ለባለ ርስቱ ይቀራል፤ ሁለቱ አብረው ሲኖሩ ያፈሩት ከብትና እህል ግን እኩል ይካፈላል። «በርስትና በሚስት ቀልድ የለም» ይባላል። ይሁን እንጂ ሚስትም ራሷ ባለ ርስት እንደ ነበረች የሚዘነጉ ብዙዎች ናቸው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት በበጌምድር የርስት ሽያጭ፥ ስጦታ፥ ኑዛዜና ክርክር በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። ዶናልድ ክረሚ የተባለው የታሪክ ሊቅ እነዚህን ጽሕፈቶች መርምሮ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1982 ባሳተመው ጥናቱ፥ የበጌምድር ሴቶች በራሳቸው ስም ሲሸጡ፥ ሲገዙ፥ በዳኛ ፊትም ቆመው ስለ ርስታቸው ሲከራከሩ እንደ ነበር አሳይቷል።

ይህን ከሌላው ዓለም ጋራ ብናስተያየው ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልናል። በእንግሊዝ አገር ያገባች ሴት ንብረቷን ሁሉ እንዳላገባች ሴት በራሷ ስም ልትይዝ፥ ልትሸጥና ልትለውጥ የቻለችው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1882 በወጣው ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ግን ባል ስታገባ ስሟም ሀብቷም በባልዋ ጥላ ሥር ይሸፈን ነበር። እንግዲህ የጉና ሴት ርስቷን በስሟ ስትሸጥ የለንደን እመቤት ይህ መብት አልነበራትም ማለት ነው። ይህን የምናገረው ለመኩራት ብቻ አይደለም። ልማዱ መልካም ቢሆንም ጉድለት ነበረበትና። በሬ ጠምዶ ማረስ የወንድ ሥራ ሆኖ ስለ ኖረ፥ ከባልዋ የተለየች ሴት ርስት እያላት የሚያርስላት ታጣለች። ወይ ለወንድሟ ወይ ለባዕድ በእኩል ታሳርሳለች፤ የምርቷም እኩሌታ ይሄድባታል። መብት በወረቀት ላይ ሳለ ሞፈርና ቀንበሩ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ መብቱ ግማሽ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ልጆች እንመለስ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ1762 እስከ 1764 ዓ.ም. በጎንደር ቤተ መንግሥት ኖሮ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፥ ባልና ሚስት ሲለያዩ ልጆች እንዴት ይከፈሉ እንደ ነበር ጽፏል። እንደ እርሱ አነጋገር የመጀመሪያው ወንድ ልጅ ለእናት ይሰጣል፤ የመጀመሪያዪቱ ሴት ልጅ ለአባት ትሰጣለች። ሴቲቱ አንድ ብቻ ሆና የቀሩት ሁሉ ወንዶች ቢሆኑ እርሷ ለአባት ናት፤ ወንዱ አንድ ብቻ ሆኖ የቀሩት ሁሉ ሴቶች ቢሆኑ እርሱ ለእናት ነው። ከዚህ በኋላ የቀሩት ልጆች ቍጥር ያልተካከለ እንደ ሆነ በዕጣ ይካፈሏቸዋል።

ብሩስ የሚያውቀው ይበልጡን የመኳንንቱን ቤት ነው። አንዳንድ ጊዜም ባዕድ ሰው እንደ መሆኑ ነገሩን እያጋነነ ይጽፋል፤ በአገራችን ጋብቻ የሚባል ነገር የለም እስከ ማለት ደርሷልና። ስለዚህ የጻፈውን የገበሬው ሁሉ ሕግ ነበር ብለን ልንቀበለው አይገባም። ነገር ግን አሳቡን ልብ ብለን እንመርምረው። ወንዱ ለእናት፥ ሴቲቱ ለአባት የምትሰጠው ስለ ምን ነው? ለእኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ባል የሌላት ሴት የሚያርስላት ወንድ ልጅ ያስፈልጋታል፤ አባት ደግሞ ሴት ልጁን ድሮ ዝምድና ይገዛበታል። እንዲህ ከሆነ ክፍፍሉ ፍርድ ያለበት ይመስላል፤ ሁለቱም ወላጆች የሚጠቅማቸውን አግኝተዋልና። የልጁ ጥቅም ግን በየትኛው ቁና ተሰፈረ? ወንድምና እኅት ከአንድ መደብ ተነሥተው ወደ ሁለት ቤት ሲሄዱ የጠየቃቸው ማን ነው? በሬው ከጓደኛው ሲለይ እንኳ ቀን ሙሉ ያገሣል።

ጠቢቡ ሰሎሞን በሁለት ሴቶች መካከል ሲፈርድ «ሕፃኑን በሰይፍ ለሁለት ክፈሉት» ማለቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህን ያለው ሊከፍለው ሽቶ አይደለም፤ ልጅ የሚከፈል ሀብት አለመሆኑን የሚያውቀው ወላጅ የትኛው እንደ ሆነ ሊለይ ነው እንጂ። እውነተኛዪቱ እናት «ለእርሷ ስጧት እንጂ አትግደሉት» ብላ ጮኸች። ድርሻዋን የለቀቀችው ልጅዋን ስለ ወደደች ነው። በመለያየት ጊዜ የሚሆነው ግን አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሁለቱም እውነተኛ ወላጆች ሳሉ ሁለቱም «ይከፈል» ይላሉ።

የሚያስደንቀው ግን ልጅ እንደማይከፈል የሚያስተምረው ሕግ ከአባቶቻችን ዘንድ መኖሩ ነው። ይህም የርስት ሕግ ነው። በአማራው አገር ርስት የሚቆጠረው በአባት ወገን ብቻ አልነበረም፤ በእናትም ወገን ይቆጠር ነበር። ልጅ ርስት ሲጠይቅ በአባቱ በኩል እስከ አቅኚው አባት፥ በእናቱም በኩል እንዲሁ ትውልዱን እየቆጠረ ይሟገታል። አባትና እናቱ ተፋትተው እንደ ሆነ የሚጠይቀው ዳኛ አልነበረም። እናቱ ሌላ ባል፥ አባቱም ሌላ ሚስት ቢያገቡ ልጁ ከሁለቱም ወገን የሚቆጥረው ትውልድ አይቋረጥም። ፍቺው የሚቈርጠው በባልና በሚስት መካከል ያለውን ገመድ ብቻ ነው፤ ከልጁ ወደ አባቱና ከልጁ ወደ እናቱ የሚሄዱት ሁለቱ ገመዶች ይቀራሉ።

እንግዲህ ነገሩን እዩት። ልማዱ ስለ መሬት ሲናገር ልጅ የሁለቱም ነው አለ። ስለ ልጁ ራሱ፥ ማለት ስለ እንጀራውና ስለ መኝታው ሲናገር ግን ልጅ የአንዱ ነው አለ። በጎጃም ወይም በሸዋ ያለውን የእናቱን ርስት ሊጠይቅ የሚችል ልጅ የእናቱን ፊት ሳያይ ሊያድግ ይችል ነበር። ደግሞም የርስቱ መብት ቢኖረው እንኳ ትውልድ የሚቆጥሩለት፥ ወሰኑን የሚያሳዩት፥ «ይህ የእገሌ ልጅ ነው» ብለው የሚመሰክሩለት ዘመዶች ያስፈልጉታል። ከአባቱ ወገን ርቆ በእናቱ ቤት ያደገ ልጅ፥ ወይም ከእናቱ ወገን ርቆ ያደገ፥ ይህን ምስክር ያጣል። ስለዚህ ልጅን ከአንዱ ወላጅ የሚያርቅ ሰው ፍቅሩን ብቻ ሳይሆን እንጀራውንም ይቀንስበት ነበር።

የተለያዩ ወላጆች ልጅ የሚሸከመው ሸክም ደግሞ ሌላ አለ። ዳግማዊ ቴዎድሮስ በልጅነት ስማቸው ካሣ ኃይሉ ይባሉ ነበር። ገና ሕፃን ሳሉ አባትና እናታቸው እንደ ተለያዩ፥ እናታቸውም ወይዘሮ አትጠገብ ልጃቸውን ይዘው ወደ ጎንደር እንደ ተመለሱ ይተረካል። ከዚያም በኋላ እናቲቱ በድህነት ምክንያት ኮሶ ይሸጡ ነበር ተብሎ ተወራ። ካሣ አድገው ስመ ጥር በሆኑ ጊዜ ጠላቶቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ወሬው እውነት ይሁን ጠላት የፈጠረው፥ ስድቡ ግን ልብን የሚወጋ ነበር። ካሣ ግን በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ ደብረ ታቦርን ዋና መቀመጫቸው አደረጉ፤ በአጠገቧ ባለችው በጋፋት መድፍ አሠሩ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ የተለያዩ ወላጆች ልጅ መሆን ሰውን ከታላቅ ሥራ አያግደውም። ሁለተኛ፥ የወላጆቹን መለያየትና የእናቱን ድህነት በልጁ ላይ ስድብ አድርጎ የሚወረውር ሰው ልጁ ባልሠራው ሥራ ይቀጣዋል።

መለያየት ሁልጊዜ ከጠብ የሚመጣም አይደለም። ራስ ጉግሣ ወሌ በጌምድርን የገዙት ደብረ ታቦር ተቀምጠው ነው። ባለቤታቸው ዘውዲቱ ምኒልክ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ሲባሉ፥ ባልየው ከዙፋኑ እንዲርቁ ስለ ተፈለገ ሁለቱ እንዲለያዩ ተደረገ። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ራስ ጉግሣ ሸፍተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ላይ ሞቱ፤ ንግሥቲቱም በሁለት ቀን ተከትለዋቸው መጋቢት 24 ቀን ዐረፉ። በቤተ መንግሥትም ሆነ በጎጆ፥ ባልና ሚስትን ሌላ ሰው ለራሱ ጥቅም ሲለያያቸው ፍሬው መራራ ነው። በመንደራችንም አማትና ምራት፥ ዘመድና ጎረቤት እየገቡ ያፈረሱት ቤት ቍጥር ብዙ ነው።

ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ የልጁ ነገር በጽሑፍ ሕግ የተወሰነው በፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሬኔ ዳቪድ የተባለው የፈረንሣይ የሕግ ሊቅ ያረቀቀው ይህ ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሆነ። ሕጉ በክብር መዝገብ፥ በሃይማኖትና በልማድ የሚደረገውን ጋብቻ ሦስቱንም ተቀበለ። የፍቺውን ነገር ለቤተ ዘመድ ሽማግሎች ሰጠ፤ ከባድ ምክንያት ከሌለም ሽማግሎቹ ባልና ሚስቱን ለማስታረቅ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሊደክሙ ይችሉ ነበር። ስለ ልጆች ደግሞ የልጁ ጥቅም ብቻ ታይቶ ይወሰን አለ። ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ልጅ አምስት ዓመት እስኪሆነው ድረስ ከእናቱ ጋራ ይሁን ብሎ ደነገገ። በእንግሊዝ አገር ከጥንት ጀምሮ ልጅ የአባት ነበርና፥ እናት ከሰባት ዓመት በታች ያለውን ልጅዋን ለማሳደግ ዳኛ እንድትለምን የተፈቀደላት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1839 ነው። ሕግ በየአገሩ ወደ ልጁ ፊቱን ያዞረው ቀስ እያለ ነው።

ያም ቢሆን የ1952 ሕግ ጉድለት ነበረበት። ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ አደረገው፤ የጋራውንም ንብረት አስተዳደር በእርሱ እጅ አኖረው። ልጃገረድም በ15 ዓመቷ እንድታገባ ፈቀደ። ከዚያም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ሻረው። ገበሬው የጭሰኝነት ቀንበር ከላዩ ወረደ፤ ነገር ግን ልጅ በሁለት ወገን የሚቆጥረው የጥንቱ ርስት አብሮ ቀረ።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጹ ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፥ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው፥ በፍቺም ጊዜ የልጆች መብትና ጥቅም የሚጠበቅበት ሕግ እንዲወጣ አዘዘ። በዚህ መሠረት የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጣ፤ የአማራ ክልልም ይህንኑ መንገድ ተከትሎ በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ አወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ሆነ። ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ከሽማግሎች ወደ ፍርድ ቤት ተዛወረ፤ ሽማግሎች ግን የማስታረቅ ሥራቸው አልቀረም። በፌዴራሉ ሕግ ዳኛው ልጁ ከማን ጋራ እንደሚኖር ሲወስን የወላጆቹን ገቢ፥ ዕድሜ፥ ጤንነትና ኑሮ፥ የልጁንም ዕድሜና ጥቅም መመልከት አለበት። በዚያው ውሳኔ ስለ ቀለቡ፥ ስለ ትምህርቱና ስለ ጤናው፥ ከእርሱ ጋራ ከማይኖረው ወላጅ ጋራም ስለሚገናኝበት መንገድ ይወስናል። በመሬትም በኩል በክልሉ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይገባል። ስለዚህ ዕጣ ከመጣል ተነሥተን የልጁን ጥቅም ወደ መጠየቅ ደርሰናል። ይህ የሁለት መቶ ዓመት መንገድ ነው።

ሕጉ ከተሻሻለ ዘንድ ለወጣቶች የቀረ ሥራ ምንድን ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1990 በአገራችን በተደረገ የናሙና መጠይቅ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ አንድ ጥናት፥ ከመቶ የመጀመሪያ ጋብቻዎች 45ቱ በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ እንደሚፈርሱ፥ ከተፈቱትም ሴቶች ከሦስቱ ሁለቱ የተፈቱት በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ውስጥ መሆኑን አሳይቷል። ያለ ዕድሜ መጋባትና ልጅ ማጣት ፍቺን እንደሚያበዙም ገልጧል። ይህን ቍጥር ልብ ብላችሁ አስቡት። ፍቺ በአምስት ዓመት ውስጥ የሚመጣ ከሆነ፥ ልጅ ካለ ገና እናቱን ተከትሎ የሚያለቅስ ሕፃን ነው ማለት ነው። «እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ» ይባላል። ሕፃን ልጅ እናቱ ወይም አባቱ የሄዱበትን ምክንያት አያውቅም፤ የሚያውቀው መሄዳቸውን ብቻ ነው። ከገበያ የምትመለሰዋን ካልተመለሰችው የሚለየው ማታ በደጃፍ የሚያየው ፊት ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፤ ሦስት ነገር ልምከራችሁ። መጀመሪያው ስለ ማግባት ነው። ልጅነታችሁን ሳትጨርሱ የልጅ ወላጅ አትሁኑ። ወላጆች ሴት ልጃቸውን በዐሥራ ሦስትና በዐሥራ አራት ዓመቷ የሚድሩት ክፉ አስበው ላይሆን ይችላል፤ ከድህነት የተነሣ፥ ወይም ክብሯን የጠበቁ እየመሰላቸው ነው። ነገር ግን በግድ የተዳረች ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሸሽታ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ አንዳንዴም ሕፃን በጀርባዋ አዝላ ትመለሳለች። ያን ጊዜ ሁለት ልጆች በአንድ ቀን ተጎዱ ማለት ነው፤ አንዷ አዛዪቱ፥ ሁለተኛው የታዘለው።

ሁለተኛው ስለ መለያየት ነው። እግዚአብሔር ከዚህ ይጠብቃችሁ፤ ነገር ግን ከደረሰባችሁ የቀድሞውን ተራ ገልብጡት። አባቶቻችን ከበሬው ጀምረው በልጁ ይጨርሱ ነበር፤ እናንተ ከልጁ ጀምሩ። ልጁ የት ያድራል? ቀለቡንና የትምህርት ቤት ወጪውን ማን ምን ያህል ይከፍላል? ከእርሱ ጋራ የማይኖረው ወላጅ በየስንት ቀኑ ያየዋል? በፋሲካና በገና ከየትኛው አያት ቤት ይውላል? ወንድምና እኅት ሳይለያዩ እንዴት ይደጋሉ? ይህ ከተወሰነ በኋላ በሬውንና ገብሱን ተካፈሉ። ያን ጊዜ ላሚቱ ወደ ማን ትሂድ የሚለው ክርክር ራሱ ይቀላል፤ ወተቱ ለማን እንደሚያስፈልግ ታውቋልና። ከዚያም ወዲያ ልጁን መልእክተኛና ምስክር አታድርጉት። «አባትህ ምን አለ?» «እናትህ ማን መጣባት?» እያላችሁ አትመርምሩት። የባልን ጥፋት ለአባት፥ የሚስትን ጥፋት ለእናት አታድርጉት፤ ክፉ ባል የነበረ ሰው ደኅና አባት ሊሆን ይችላልና። ነገር ግን ልጁን ወይም እናቱን የሚደበድብ ሰው ቢሆን ልጁን ከጉዳት የሚጠብቀው ዳኛ ነውና፥ ይሉኝታ ይዟችሁ ከፍርድ ቤት አትቅሩ።

ሦስተኛው ምክሬ ወላጆቻቸው ለተለያዩባቸው ነው። ከእናንተ ብዙዎች ከአያታችሁ ቤት ሆናችሁ፥ ወይም በእንጀራ አባትና በእንጀራ እናት እጅ እያደጋችሁ ይህን ታነቡ ይሆናል። የወላጆቻችሁ መለያየት የእናንተ ጥፋት አይደለም፤ ነውራችሁም አይደለም። የጥንቱ የርስት ሕግ እንኳ ከሁለቱም ወገን የመቁጠር መብት አልነሣችሁም ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም ወገናችሁን እወቁ፤ የአባታችሁንም የእናታችሁንም አያቶች ስም ጠይቃችሁ ያዙ። ከሩቅ ያለውን ወላጅ ፈልጉት፤ ቢያኮርፋችሁ እንኳ በእናንተ በኩል ያለውን ገመድ አትበጥሱት።

አሁን ሽማግሎቹን በደጃፉ ትተናቸዋልና ወደ እነርሱ ተመልሰን እንጨርስ። ምርኩዛቸውን ይዘው ሊነሡ ሲሉ ሁለቱን ልጆች አይተዋል። ከመካከላቸው አንዱ ብልኅ ሽማግሌ «ተቀመጡ፤ ሥራችን ገና አልተጀመረም» ቢል፥ ባልና ሚስቱንም ጠርቶ «በሬውን ተካፈላችሁ፤ እነዚህን ግን እንዴት አብራችሁ ታሳድጓቸዋላችሁ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፥ ያ ቀን ለዚያ ቤት የመፍረስ ቀን ብቻ ባልሆነ ነበር። ባልነትና ሚስትነት በዚያ ደጃፍ ሊያበቁ ይችላሉ፤ አባትነትና እናትነት ግን አያበቁም። እናንተም ነገ ስታገቡ ወይም ከሽማግሌ ተቆጥራችሁ ስትቀመጡ፥ ልጆቹን ከሁሉ አስቀድማችሁ ወደ መካከል አቅርቧቸው።